ወንፊትና የጋሼ አኳሪየም

ስም ከሚለጥፍ አማች ይሰውራችሁ። ሌባ የወሰደውን ሠርቶ መተካት ይቻላል፤ በሽታንም ሐኪም ያየዋል፤ ቀልደኛ አማች በሰው ፊት የለጠፈባችሁን ስም ግን በምን ሳሙና ታስለቅቁታላችሁ? ይህ የማወጋችሁ ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን ወንፊት ይለዋል። ቧንቧ ሠራተኛን ወንፊት ማለት ሾፌርን ገደል፣ ዳቦ ጋጋሪን አሳራሪው እንደማለት ነው። ስሙን የሰማ ሰው በሩን አይከፍትለትም።

የሚያንገበግበው ደግሞ ስሙ ነጭ ውሸት መሆኑ ነው። እንደዚህ ሰው ውሃ የሚፈራው አልነበረም። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ገና ሳይቀመጥ ጆሮው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚያ አንዲት ጠብታ ጠብ ካለች የቀረበለት ሻይም የሚወራው ወሬም አይጥመውም። ሌላው ሰው መሐረብ በሚይዝበት ኪሱ ውስጥ የሚይዘው የቧንቧ ማሸጊያ ቴፍሎን ጥቅል ነው። አንድ መጋጠሚያ ሠርቶ ሲጨርስ ደረቅ ሶፍት ይጠቀልልበትና አጠገቡ ቁጭ ይላል። ሶፍቱ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል እርጥበት ከታየች ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ባለቤቶቹ "በቃ እኮ፣ ደህና ነው" ቢሉት፣ "ሶፍቱ ደህና ነው ይበል" ብሎ ይመልሳል። ሚስቱ ያገባችው በዚህ ነው። እናቷ ቤት ማጠቢያ ሊጠግን መጥቶ ከሰዓቱን ሙሉ ሶፍት ሲያይ ዋለ፤ እሷም እሱን ስታይ ዋለች።

ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ይባላል። እህቱም፣ ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም ጋሼ ይሉታል፤ እኛም ጋሼ እንበለውና እንለፍ። የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መደብር አለው። የሸጠውን ነገር ሁሉ የሠራው እሱ ይመስለዋል። ልቡ ክፉ ነው አልልም፤ አፉ ነው የሚቀድመው። አንድ ትልቅ አመል ደግሞ አለበት፦ አታድርግ ያሉትን ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። "ቀለም አልደረቀም" የሚል ወረቀት ካየ በጣቱ ነክቶ ያረጋግጣል። "ግፋ" የተባለውን በር ይስባል። መድኃኒት ቤት "ከምግብ በፊት" ያሉትን ጥጋብ ላይ ሆኖ ይውጣል፤ ከዚያ "መድኃኒቱ አልሠራም" ብሎ ይሳደባል። የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ አመል ነውና ያዙልኝ።

በዚያን ዘመን አማቾቹ አብረው ይሠሩ ነበር፤ ጋሼ ሥራ ያመጣል፣ የእህቱ ባል ይሠራል። አንድ ሕንፃ ላይ፣ ከአንዲት ጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በላይ ባለው ፎቅ፣ አዲስ ቧንቧ ዘረጉ። ባልየው የመጨረሻዋን ጎሚቶ፣ ያቺን የቧንቧ ማጠፊያ፣ አጣበቀና፣ "ጋሼ፣ ማጣበቂያው ይደር። እስከ ነገ ዋናውን የውሃ መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን እንዳይከፍቱት" ብሎ፣ የታመመች ሚስቱን ከሐኪም ቤት ሊያመጣ ሄደ። ጋሼ ጥቂት ቆየ። ሳራቺኔስካውን አየው። የሕንፃው ባለቤት ብቅ ሲሉ፣ "ይኸው ውሃዎ!" ብሎ ከፈተው።

ያልደረቀችው ጎሚቶ ተስፈንጥራ ወጣች። ውሃው ወለሉን አልፎ የክሊኒኩ ጣራ ላይ ተጠራቀመና ኮርኒሱን ይዞ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ወረደ። ባልና ሚስቱ ሲደርሱ ሕዝቡ በር ላይ ተሰብስቧል። ሐኪሟ ነጭ ካፖርቷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ "ማነው ይህን የሠራው?" ትላለች። ጋሼ ፀጉሩ ላይ የኮርኒስ ፍርፋሪ እንደተበተነ መጪዎቹን አያቸው፤ እጁን ወደ እህቱ ባል ዘረጋና በዚያ መደብር ሙሉ በሚሰማው ድምፁ፣ "ምን ላድርግ ጎበዝ! እህቴን የዳርኳት ለወንፊት ነው!" አለ።

ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ግማሽ አፉ የደነዘዘ አንድ ታካሚ እንኳ በቀረው ግማሽ ሳቀ። ባልየው እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ እጅጌውን ያዘችው። ገና ከሕመሟ አላገገመችም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "ዓለሜ፣ ተወው በናትህ። ወንድሜ ነው፤ በሰው ፊት አታዋርደው" አለችው በሹክሹክታ። ተወው። ሆድ ይፍጀው አለ። ሆዱም ፈጀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንፊት ሆነ። መጀመሪያ በሳቅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሳቁ ቀረና ስሙ ብቻ ተረፈ። የሰፈሩ መስታወት ቆራጭ "ወንፊት፣ እንዴት አደርክ?" ሲለው ደህና አድርጎ እያከበረው ነበር፤ ስሙ ስድብ መሆኑን ረስቶታል። የሰፈሩ ሰው ሥራ ሲኖረው ከሩቅ ሰፈር ሠራተኛ ያስመጣል፤ እሱ ደግሞ መሣሪያውን ተሸክሞ ማንም ወደማያውቀው ሩቅ ሰፈር ይሄዳል። መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። እንዲህ ሆኖ ፀጉሩ ሸበተ። ከዚያ ሁሉ ሰው ወንፊት ብላው የማታውቅ ሚስቱ ብቻ ነበረች። ስትቆጣውም ዓለሜ፣ ስትስቅበትም ዓለሜ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ጋሼ ነገሩን ፈጽሞ ረስቶ ነበር። ወንፊት ግን በየጠዋቱ ፊቱን ሲታጠብ ከቧንቧው ውሃ ጋር ያስታውሰዋል። በጠላው ቁጥር አንቱታው ይጨምራል፤ "ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ" ሲል የሰማ ሰው የሚወደው ይመስለው ነበር።

ታዲያ ጋሼ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የባሕር ዓሦች አይቶ ልቡ ተሰለበ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሶፋው ትይዩ፣ ሰው የሚተኛበት የሚያህል አኳሪየም አቆመ። የጨው ውሃ ሞላበት፤ ድንጋይ ደረደረ፤ ብርቱካንማና ቢጫ ዓሦች ጨመረ። የዓሣው ሻጭ፣ "ትንሿ ማጣሪያ አትበቃውም፤ ከሥሩ ሌላ ገንዳ ያስፈልገዋል" ብሎት ነበር። እንግዲህ ጋሼን ታውቁታላችሁ። ትንሿን ማጣሪያ አንጠለጠለ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ደፈረሰ፣ ሳሎኑ ሸተተ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ እየከፈቱ ይንሳፈፉ ጀመር። ያን ጊዜ ነው እህቱ ዘንድ የደወለው።

"ዓለሜ" አለች ሚስቱ ስልኩን እንደዘጋች፤ "ለእኔ ስትል። እዚህ የሚሠራለት ሰው የለም፤ ዓሦቹ ሊያልቁበት ነው።"

"እሺ" አለ ወንፊት።

ብዙ ልትለምነው ተዘጋጅታ ነበርና ደነገጠች። "እሺ?"

"ምን ችግር አለው? ቤተሰብ አይደለን?"

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ወንፊት ግን ጸሎት ላይ አልነበረም።

ነገሩን ሊያጠና ያንኑ ሆቴል ሄዶ፣ አስተናጋጆቹን አስፈቅዶ፣ አኳሪየሙ ሥር በጀርባው ተኛ። ሲያየው ከሚያውቀው ቧንቧ የተለየ ነገር አልነበረውም። ውሃው ከላይኛው ገንዳ ጫፍ ሞልቶ በአንድ ቧንቧ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ወዳለው የታችኛው ገንዳ ይወርዳል። እዚያ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያልፋል፤ በመስታወት ግድግዳዎች ላይና ሥር እየተሹለከለከ ቆሻሻውንና አረፋውን ይተዋል፤ መጨረሻ ላይ ፓምፕ በሌላ ቧንቧ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። አደጋው ያለው በዚህች መመለሻ ቧንቧ ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመጣበት ተመልሶ ወደ ታች ይፈሳል። ከመኪና ታንክ በጎማ ነዳጅ ሲቀዳ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንዴ ከጀመረ የቧንቧው አፍ አየር እስኪያገኝ አይቆምም። ለዚህ ተብሎ ቧንቧዋ አናት ላይ፣ ከውሃው ወለል ዝቅ ብላ፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ ትበሳለች። ውሃው ትንሽ ሲጎድል ቀዳዳዋ አየር ትስብና ፍሰቱ ቀጥ ይላል። ቀዳዳዋ ከሌለች መብራት በጠፋ ቁጥር የታችኛው ገንዳ ሞልቶ ይፈስና ሳሎን ይታጠባል።

ወንፊት ከዚያ ሥር ሲወጣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። ያቺን ቀዳዳ አልበሳትም ብሎ ወሰነ።

ሥራው ግቢው ውስጥ ተጀመረ። መስታወት ቆራጩ ጋ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ የመስታወት ገንዳ ነበር፤ እሱን አመጣና አጠበው። ለግድግዳዎቹ መስታወት አስቆርጦ ጠርዛቸውን በአሸዋ ወረቀት ሞረደ። ሚስቱ መስታወቱን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፣ እሱ ሲልከኑን በጣቱ ያስኬዳል፤ ግቢው ሁሉ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ሸተተ። አንደኛውን ግድግዳ ከወለሉ አስነስቶ፣ ሁለተኛውን ወለል አስነክቶ፣ ሦስተኛውን እንደገና አስነስቶ አቆመ። እየሠራ ያንጎራጉር ነበር። ሚስቱ ሲያንጎራጉር ከሰማችው ቆይታለች፤ ይቅር ያለ መሰላት። ደስታዋን ሳየው እኔ ራሴ አዘንኩላት።

መመለሻ ቧንቧዋን ሊቆርጥ ሲል ጫፏን ይዛ ቆመች። ከእሱ ጋር ስትኖር ከቧንቧ ብዙ ተምራለች። "ይኼ ውስጥ የሚገባው ጫፍ አልረዘመም? ከውሃው ጣት ያህል ቢጠልቅ አይበቃውም?" አለችው።

"ውሃው ከሥር እንዲንቀሳቀስ ነው" አላት፤ ቧንቧው እስከ ገንዳው ወገብ እንዲጠልቅ አድርጎም ቆረጠው። አፉ በጠለቀ ቁጥር የሚፈሰው ውሃ ይበዛል። የጋሼን ምንጣፍ በዓይነ ሕሊናው እያየ ነበር የሚቆርጠው፤ ያን ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚነጠፈውን።

ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ሊጫን ሲል ሚስቱ ገንዳውን በደረቅ ጨርቅ ወለወለችና ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው። "እንዴት ያምራል! ጋሼ ሰው ሊጠራ ነው፤ ያን ቀን ክሊኒኩ በር ላይ የነበሩትን ሁሉ። አሁን የእጅህን ሥራ ያያሉ" አለች።

ወንፊት በያዘው መፍቻ እንደተመታ ሰው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። እንዴት አላሰበውም? ውሃው የጋሼን ሳሎን ሲሞላው ሰዉ ምን ይላል? "ማን ሠራው?" ይላል። "ወንፊት።" "አይ! ድሮስ!" ስሙን ከላዩ ሊያወልቅ ቀርቶ በገዛ እጁ ሊቸነክረው ነበር። በራሱ ላይ እንደዚያን ቀን ተናድዶ አያውቅም። ድሪሉን አነሳ፤ ጥርሱን ነክሶ ቀዳዳዋን በሳት። ለጋሼ ሳሎን ደኅንነት ሲደክም አንጀቱ እያረረ ነው።

የፕላስቲኩን ብናኝ እፍ ብሎ ሊያራግፍ አፉን ቀዳዳዋ ላይ ሲያደርግ ግን ቆም አለ። ሳራቺኔስካው ትዝ አለው። "እንዳይከፍቱት" ያለው። የራሱ ቃል ትዝ ሲለው ደረቱ ውስጥ ሳቅ ተንተከተከ። ለካ ምንም ማጥፋት አይጠበቅበትም! እውነቱን መናገር ብቻ ይበቃዋል። ቧንቧውን ዞር አደረገው፤ ከኋላ ተደብቃ መዋል የምትችለውን ቀዳዳ ወደ ሳሎኑ ፊት አዞራት። የተበሳችውም የውሃው ወለል አፍ ላይ ነው፤ ውሃው በትነት ትንሽ ሲቀንስ ብቅ ብላ መትፋት እንድትጀምር። የረዘመውን ጫፍ እንደረዘመ ተወው።

በተጫነ ቀን ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጦ መመሪያ ይሰጥ ነበር። ወንፊት ፓምፑን አስነሳ፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ ሁሉ ሶፍት ጠቅልሎ ቁጭ አለ፤ ሶፍቱ ደረቅ። ከዚያ ፓምፑን አጠፋ። ውሃው ጣት ያህል ወረደ፤ ቀዳዳዋ ትኩስ ሾርባ እንደሚጠጣ ሰው ፉት አለችና ፍሰቱ ቆመ። ጋሼ ስልክ እያናገረ ነበርና አላየም። ስልኩን ሲጨርስ ወንፊት ሚስቱን አስጠራት፤ የጋሼንም ሚስት አስጠራ፤ ምስክር ይሁኑ ብሎ ነው።

"ጋሼ፣ ይችን ቀዳዳ ይዩልኝ" አለ። "ውሃ ትተፋ ይሆናል፤ ትትፋ። መብራት ሲጠፋ አየር የምትስበው እሷ ናት። ምንም ቢሆን እንዳይደፍኗት።"

"ትተፋለች? የምታፈስ ነገር ሠርተህ ነው የምታስረክበኝ?"

"አታፈስም፣ ወደ ገንዳው ውስጥ ነው የምትተፋው። ብቻ እንዳይደፍኗት አደራ።"

"ገባኝ፣ ገባኝ" አለ ጋሼ። ዓይኑ ግን ቀዳዳዋ ላይ ተተክሎ ቀረ። ወንፊት ያንን ዓይን አየና መሣሪያውን ሰብስቦ፣ እጅ ነስቶ ወጣ።

ውሃው ጠራ። ዓሦቹ ነፍስ ዘሩ። ጋሼ እንግዶቹን ጠራ፦ ጥርስ ሐኪሟን፣ የሕንፃውን ባለቤት፣ መስታወት ቆራጩን፣ ጎረቤቱን ሁሉ። በዚያን ቀን የሳቀ አፍ ሁሉ እዚያ ሳሎን ውስጥ ሻይ ይጠጣ ነበር። ያ ጠርዘ ወርቁ ምንጣፍ ተነጥፏል። ወንፊትና ሚስቱ ገቡና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጡ። ወንፊት ከሰው በፊት ያየው ቧንቧውን ነው። ቀዳዳዋ የለችም። በቦታዋ እንደ ሊጥ ተለውሶ የሚለጠፍ ግራጫ ማጣበቂያ እንደ ኪንታሮት ጉብ ብሏል። የልቡ ምት ጆሮው ውስጥ ተሰማው። ከጋብቻው ቀን ወዲህ እንደዚያ የመታበትን ጊዜ አያስታውስም።

ጋሼ ተነሣ። "እንግዲህ እንደምታዩት..." ብሎ ጀመረና የፓምፑ እምምታ ቃሉን ሲያደበዝዝበት ፊቱን አጨማደደ። ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። መብራቱ በሌላ ሶኬት ነበርና ዓሦቹ አሁንም ያበራሉ። "አሁን ተሰማማን! እንደምታዩት፣ ይኼን ሁሉ ያቋቋምኩት ራሴ ነኝ። ማጣሪያዋን አማቼ ወንፊት ነው የገጣጠማት።" ሳቅ ሆነ። "አትሳቁ እንጂ! መቼስ ወንፊት ወንፊት ነው፣ አንዲት ቀዳዳ ትቶልኝ ሄዶ ነበር! ትላንት ውሃ ስትረጭ ያዝኳት። በራሴ መደብር ማጣበቂያ፣ በዚህ አውራ ጣቴ ድፍን!" አውራ ጣቱን ወደ ላይ አነሣው። ሳቁ ቤቱን ሞላው።

ከጀርባው ውሃው መውረድ ጀምሯል። ድምፅ የለውም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ሲባል እንዲህ ነው። የገንዳው አናት ላይ አንድ ጣት ባዶ መስታወት ታየ፤ ከዚያ አንድ ስንዝር። ብርቱካንማዎቹ ዓሦች ከወለሉ ጋር አብረው ዝቅ አሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ጋሼን ነው። ወንፊት ብቻ ውሃውን ያያል፤ አሁን ተነሥቶ ያቺን ጉብታ በጥፍሩ ፈልፍሎ ቢነቅላት ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህን ያውቃል። ሻዩን ፉት አለ።

ሚስቱ ዓይኖቹን ተከትላ ውሃውን አየች። ዝቅ ያለውን ወለል አየች፤ እስከ ወገብ የጠለቀውን ቧንቧ አየች፤ ከዚያ ባሏን አየችው።

"ዓለሜ?" አለች በሹክሹክታ።

"እሽሽ" አላት፤ "ጋሼ እየተናገሩ ነው።"

ጋሼ የክሊኒኩን ኮርኒስ ታሪክ እያወራ፣ ገና "ለወንፊት ነው!" የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ውሃው ከቁም ሣጥኑ ሥር ወጣ። መጀመሪያ ያገኘው ወለሉ ላይ የተቀመጠውን የሐኪሟን ቦርሳ ነው። ሐኪሟ ጮኸች፤ ሰው እግሩን ሰቅሎ ሶፋ ላይ ወጣ፤ የሕንፃው ባለቤት ሻያቸውን ጭናቸው ላይ ደፉ። ምንጣፉ ጨዋማውን ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲበቃው መልሶ ተፋው።

"ወንፊት!" አለ ጋሼ፤ ካልሲው ርሶ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "አየህ! አየህ ሥራህን!"

ይህን ነበር ሲጠብቅ የኖረው። ወንፊት ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ እጅጌውን ጠቀለለ፤ ውሃው ውስጥ እየተራመደ ሄዶ የቧንቧውን ጫፍ ከማያያዣው አላቆ አወጣው። ፍሰቱ ወዲያው ቆመ። ቧንቧውን በየሰዉ ፊት እያዞረ አሳየ። ግራጫው ጉብታ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ይህች ቀዳዳ ውሃውን ልታቆም የተበሳች ናት" አለ። "እንዳይደፍኗት አደራ ብያለሁ። ባለቤታቸው ሰምተዋል። መጋጠሚያዎቹን ደግሞ ኑና ዳስሱ።" መስታወት ቆራጩ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ጎንበስ አለና አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሶፍቱን ወደ ላይ አነሣው። ደረቅ ነበር።

ሐኪሟ ውሃ የሚንጠባጠብ ቦርሳዋን እንደያዘች ጋሼን አየችው፣ ወንፊትን አየችው። "ቆይ" አለች፤ "ያኔስ? የእኔ ኮርኒስ?"

"ያኔም ማጣበቂያው እስኪደርቅ አይክፈቱት ብያቸው ነበር፣ ዶክተር።"

የሕንፃው ባለቤት ከሶፋው ላይ ሆነው፣ "እውነት ነው እኮ!" አሉ። "ሳራቺኔስካውን የከፈተው እሱ ራሱ ነው፤ 'ይኸው ውሃዎ' ብሎ ነው የከፈተልኝ!" ይህን ሁሉ ዘመን ሲያውቁት ኖረው ዛሬ ነው ትዝ ያላቸው። እንግዲህ የሰውን ትዝታ ተመልከቱ፤ ጭናቸው ላይ ትኩስ ሻይ ካልፈሰሰ አይነቃም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ያው ሰዎች፣ ያው አፎች ናቸው፤ ሳቁ ብቻ ነው ወደ ሌላ ሰው የዞረው። አንዱ "ድፍን ጋሼ!" አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ስሙ እዚያው ተወለደ። ሐኪሟ ወደ ወንፊት ጠጋ ብላ፣ "ይቅርታ ወንድሜ፣ እውነተኛ ስምህን እንኳ አላውቀውም" አለች። ነገራት። በስሙ ጠርታ ነገ ክሊኒኩ መጥቶ ማጠቢያዎቿን እንዲያይላት ለመነችው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ያን ሁሉ ዘመን የጠማው ነገር በአንድ ጉንጭ ወረደለት። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የራሱን አውራ ጣት ያያል፤ ድንገት ያረጀ ይመስላል። ወንፊት አየውና አላዘነለትም። ሊያዝንለት ሞክሮ እንደሆነ ጠይቁኝ፤ አልሞከረም።

ሚስቱ ግን ጉልበቷ ላይ ወርዳ የወንድሟን ምንጣፍ በጨርቅ እየመጠጠች ባልዲ ውስጥ ትጨምቅ ነበር። ወንፊት ዓሦቹን ለማዳን ውሃውን በባልዲ መለሰ፤ ጉብታዋን ፈልፍሎ ነቀለ፤ ቧንቧውን መልሶ አሰረና ፓምፑን አስነሳ። አንድም ዓሣ አልሞተም። ባልና ሚስት አጠገብ ለአጠገብ ሠሩ።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ወሬው ቀድሟቸዋል። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ከመደርደሪያው ጀርባ በስሙ ጠራው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም፣ አቶ ጨምሮ። ወንፊት ቆሞ እጁን ጨበጠው። ሚስቱ አልጠበቀችውም።

ቤት ሲደርስ መጥበሻ እያሞቀች አገኛት። ጀርባዋን ሰጥታዋለች። "ቧንቧውን ለምንድን ነው ያረዘምከው?" አለች።

"ነገርኩት እኮ። አንቺም ሰምተሻል፤ እንዳይነካት ነገርኩት።"

"አዎ፣ ነገርከው። እንዲነካት ነገርከው።" መጥበሻውን አወዛወዘች። "ያኔ እጅጌህን ይዤ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔም ነበር። ዛሬ ዓለሜ ብዬ ስጠራህ ብትነሣ፣ ሁለታችሁንም ታድንልኝ ነበር፣ አንተንም እሱንም። አየኸኝ፣ ከዚያ ሻይህን ጠጣህ።"

እውነቱ ሁሉ ከእሱ ጋር ነበር፤ አሻራው፣ ደረቁ ሶፍት፣ ምስክሮቹ፤ አንዱም ግን እዚህ ኩሽና ውስጥ የሚያገለግለው አልሆነም። ወጥቶ ሳሎን ተቀመጠ። ውጭ የሚያልፉ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል፤ ድፍን ጋሼ፣ ድፍን ጋሼ ይላሉ። ሳሕን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማ።

"ወንፊት" አለች ሚስቱ ከኩሽና፤ "ምግብ ቀርቧል።"

ማንን እንደጠራች ለማየት ዘወር አለ። ቤቱ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።